ስላቅ ጸሐፊ ለምን አይሳደብም? የደሴ አንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስላቅ ልብወለድ የሰውን ጉድ በቋንቋ እንዴት እንደሚያወጣ የመጡልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ስላቅና ስድብ በምን ይለያያሉ?
ሰዳቢ ራሱ ይፈርዳል። ስላቅ ጸሐፊ ሰውየውን ያናግረውና ዞር ይላል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት የሚጎላው ስለ ዘራቸው ራሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ሌባ ሹም እየጻፍኩ ነው። ሌብነቱን በንግግሩ እንዴት ላሳይ?
አብሽሪ፣ ስብሰባ ገብተሽ አዳምጪ። ደግ ነገር ሲሆን ባለቤት አለው፦ «አሠርተናል፣ አስመርቀናል»። ገንዘቡ ሲጎድል ግን ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል፦ «ክፍተት ታይቷል፣ ጉድለት ተከስቷል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል»። ማን አጎደለ? ማንም። አሁን ሰውየሽን በዚሁ ቋንቋ ቤቱ ድረስ ውሰጂው። ሚስቱ የልጁ የትምህርት ቤት ገንዘብ የት ገባ ስትለው፣ «በክፍያ ረገድ መጠነኛ መዘግየት ተስተውሏል» ይበላት። ከዚያ በኋላ «ሌባ ነው» ብለሽ ብትጨምሪ ታበላሺዋለሽ።

አንተና አንቱንም አትርሺ። ፒያሳ ላይ ነጋዴውን አንቱ ሲል የቆየ ሰው፣ መክሰሩን በሰማ ቅጽበት ወደ አንተ ቢወርድ፣ አንድ ገጽ ትንታኔ ይቀርልሻል።

ከሰኞ ገበያ፦ ሰምና ወርቅስ?
ለአንድ ምት ይሆናል፤ የአለቃ ገብረ ሐና ስም እስካሁን የሚነሳው በዚያ ነው። ልብወለዱን በሙሉ የሚሞላበትን ሰው ግን አልወድለትም፤ አንባቢውን እንቆቅልሽ ፈቺ ያደርገዋል።

ከዚያው፦ በድሃ ሞት መቀለድ ነውር አይደለም?
በማን እንደምትቀልድ ነው። ጆናታን ስዊፍት በ1729 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው መጣጥፍ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናት ለሀብታም ገበታ ይሸጡ የሚል ተናጋሪ ፈጠረ። ሰውየው አይጮህም፤ ረጋ ብሎ ወጪና ትርፍ ያሰላል። ስዊፍት የተዋሰው ድሃን በቁጥር ብቻ የሚያዩትን ሰዎች አንደበት ነው፤ የተሳቀውም በእነሱ ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ በወሎ አነጋገር ልጻፍ? እንዳይስቁብን ብዬ ነው።
ጻፍ፤ ግን ዘዬውን ራሱን ቀልድ አታድርገው። የእኛ ሰው መርቆ መሸንቆጥ ያውቅበታል። ስስታም ቤት የዋለ ሽማግሌ ጾሙን ሲወጣ «አላህ ምግባችሁን ከሰው እጅ ይጠብቅላችሁ» ብሎ ይመርቅ። ባለቤቱ «አሚን» ካለ ጨርሰሃል።