የአለርጂ ሥልጠና ለክሊኒክ ባለሙያዎች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ክሊኒክ ውስጥ ለሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች የአለርጂ ሥልጠና እሰጣለሁ። ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር፤ ጎረፈ። የተደጋገሙትን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ አለርጂ የስፔሻሊስት ሥራ አይደለም እንዴ? እኛን ማሠልጠኑ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ በሽተኛው ቀድሞ የሚመጣው እናንተ ጋ ነዋ! አፍንጫው የሚያፈሰውም፣ ቆዳው የሚያሳክከውም፣ መድኃኒት ውጦ ፊቱ ያበጠውም። አብዛኛው እዚያው እናንተ ጋ የሚያልቅ ነው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ደግሞ ሪፈር ጽፎ ቁጭ ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ያለን ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ምኑን እንሠልጥን?

መልስ፦ አናፊላክሲስን፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም የደም ግፊት የሚያወርድ ድንገተኛ ከባድ አለርጂ ማለት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፤ የሚወጋው ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሐሉ ላይ፣ ጡንቻ ውስጥ። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ሆኖ ለአዋቂ ከ0.5 ሚሊግራም አይበልጥም። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል።

ይህን ስናገር ሁሉም «እናውቀዋለን» ይላል። ከዚያ «ልጁ 12 ኪሎ ነው፣ ስንት ትስቢያለሽ?» ስል ቤቱ ጭጭ። (0.12 ሚሊግራም ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ካለው አምፑል 0.12 ሚሊ ሊትር ይሳባል።) እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሃይድሮኮርቲዞን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ ነው) እና ወደ ፀረ ሂስታሚን ነው። ፀረ ሂስታሚን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ያበጠ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ ግፊትም አያነሳም። ሃይድሮኮርቲዞንም ቢሆን ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ ስላይዱን አሳጥሩና መርፌ አስይዟቸው። ከጥቂት ወራት በኋላም ድገሙት፤ እጅ ቶሎ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ሽፍታ ከሌለ አናፊላክሲስ አይደለም ብሎ መተው ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም። ከ10 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ቆዳቸው ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። አለርጂው የታወቀ ሰው ያ ነገር ነክቶት ወዲያው ግፊቱ ከወረደ ወይም አየር ካጠረው፣ ሽፍታ አትጠብቁ። አስተኙት፤ መተንፈስ ከከበደው ብቻ ይቀመጥ። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ቢል እንኳ እንዳይነሳ። ግፊቱ የወረደ ሰው ድንገት ሲቆም ልቡ ሊቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ ካርዱ ላይ «የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት» ተብሎ ተጽፏል። እንመነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የላከችልኝን ነርስ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሥልጠና ይዘለዋል። ከ10 ሰው አንድ ገደማ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ይላል። በወጉ ሲመረመሩ ግን ከእነዚህ ከ10 ዘጠኙ ያለ ችግር ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ ነገሩ በልጅነት ቫይረስ ያወጣው ሽፍታ፣ ወይም ተራ ተቅማጥ ነው። አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረ ማን ይሰርዘዋል? ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለበሽታው የማይመጥን ሌላ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት ይኖራል።

እስቲ ጠይቁት፦ ምን ሆንክ? ከወሰድክ ከስንት ሰዓት በኋላ? ይህ ከሆነ ስንት ዓመት አለፈው? ከዚያ ወዲህ አሞክሲሲሊን (እሱም የፔኒሲሊን ዓይነት ነው) ወስደሃል? የመጨረሻዋ ብቻዋን ስንቱን ትፈታለች! «አዎ፣ አምና ወስጃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሞልቷል። ግን ቆዳው ተልጦ ወይም አፉ ቆስሎ ከነበረ፣ መድኃኒቱን ሞክሮ ማየት የለም።

ጥያቄ፦ የአለርጂ የደም ምርመራ ለሁሉም እንዘዝ?

መልስ፦ አይሆንም። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ሰውነቱ ያንን ነገር ያውቀዋል ማለት ነው፤ ሲበላው ያመዋል ማለት አይደለም። ታሪኩን ሳትሰሙ በአንዴ ሠላሳ ምግብ ካስመረመራችሁ፣ ልጁ ያለ ምክንያት ወተትም እንቁላልም ሊከለከል ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ መርፌ።

ጥያቄ፦ የአፍንጫ ስቴሮይድ አዘን «አልሠራልኝም» ይሉናል።

መልስ፦ እንዴት እንደሚረጩት እያያችሁ ነው? ጫፉ ወደ አፍንጫው መሐል ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ ይዙር። በየቀኑ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ሳይነገረው በሦስተኛው ቀን የሚያቆመው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ እንቁላል አለርጂ ያለበት ልጅ የኩፍኝ ክትባት ይሰጠው?

መልስ፦ ይሰጠው። ቫይረሱ የሚባዛው በጫጩት ፅንስ ሴሎች ላይ ነው፤ ክትባቱ ውስጥ የሚቀረው የእንቁላል ፕሮቲን ከምንም አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት ልጅ መልሳችሁ ከሆነ፣ ነገ ደውላችሁ ጥሩት።