ድመቴ ሰውነቷን ስታክ ትውላለች፤ የከብት መድኃኒት ልርጭባት?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከዘጌ ነው። ድመቴ ሰውነቷን ስታክ ትውላለች፤ ጸጉሯ ተንጨባሯል፣ ነጫጭ ነገርም ይዞታል። አይጥ መያዝ ትታለች፤ ዓሣ ስሰጣት እንኳ አሽትታ ትተወውና ወተት ብቻ ትልሳለች። ለከብቶቼ ከገዛሁት የመዥገር መድኃኒት የተረፈ አለኝ፤ ትንሽ ብረጭባት ይሻላት ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ አይርጩባት። እንደ ዲያዚኖን ያለው የከብት መድኃኒት ድመትን ይመርዛታል፤ ፐርሜትሪን ያለበትም እንዲሁ፣ ምክንያቱም የድመት ጉበት ይህን መርዝ እንደ ሌሎች እንስሳት አጣርቶ ማስወገድ አይችልም። በዚያ ላይ ጸጉሯን ስትልስ የተረጨባትን ትውጠዋለች። «ትንሽ ምን ያደርጋታል» እያሉ ከከብቱ የተረፈውን ለድመት የሚያውሉ፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ የሚቀቡ ብዙዎች ናቸውና ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል።

እንደ ጻፉልኝ ከሆነ የያዛት ቅማል ይመስለኛል። ቁንጫ ቢሆን ኖሮ ሲዘል ያዩት ነበር፤ የሚተወውም ጥቁር ብናኝ ነው። ነጩ ነገር ሲያራግፉት የማይወድቅ ከሆነ ቅጫም ነው። ጤነኛ ድመት ራሷን ስለምታጸዳ ቅማል እምብዛም አይበዛባትም፤ ዓሣ የምትሸሽ ድመት ግን አፏን ታማለች ብዬ እገምታለሁ።

ገበያ ላይ ከሚሸጡት ማበጠሪያዎች ጥርሱ በጣም የጠበበውን ይግዙ። ፀሐይ ባለበት ሰዓት ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ ቅማል ከሚበዛበት ከራሷና ከአንገቷ ጀምረው፣ ከጸጉሩ ሥር ወደ ጫፉ ቀስ ብለው ያበጥሯት፤ ማበጠሪያውንም በየጊዜው ሳሙና ባለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። የተቋጠረውን ጸጉር አይጎትቱ፤ ቆዳዋን ሳይነኩ በመቀስ ይቁረጡት። ቅጫም ለመፈልፈል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ አንድ ቀን አበጥሮ መተው ዋጋ የለውም፤ በየሁለት ቀኑ ለአምስት ሳምንት ያህል ይቀጥሉ። የምትተኛበትን ጨርቅ በፈላ ውኃ ይጠቡ፤ ቅማሉ ከድመቷ ተለይቶ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። ወደ ሰውም ሆነ ወደ ከብት አይጋባም፤ ሌላ ድመት ካለዎት ግን አብረው ያበጥሩ።

በዚህ መካከል ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን ይመልከቱ። ቀልቶ ወይም ቆስሎ ካገኙት፣ አለዚያም የዓሣ አጥንት ተሰክቶ ካዩ፣ በቅርጫት ይዘዋት ባሕር ዳር ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩአት፤ አፏ ካልዳነ ራሷን ማጽዳት ስለማትችል ቅማሉ ተመልሶ ይመጣል።