ለኳስ የተሳልኩትን ስለት ልክፈል ወይስ ነፍሰ ጡር ሚስቴ ጋ ልቅር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ሐረጎን እመላለሳለሁ። ባለትዳር ነኝ። ኳስ ደግሞ ነፍሴ ነው። ባለፈው የውድድር ዓመት መጨረሻ ክለቤ ወሳኝ ጨዋታ ነበረው። ስሙን አልጠራም፤ ቀይ ለባሽ ነው። ባዶ ለባዶ እንደሆነ 80ኛው ደቂቃ ሲያልፍ ጭንቅ ያዘኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሙስሊም ጓደኛዬ «እኔ ዱዓ ላይ ነኝ፤ አንተም በማርያምህ ተሳል እንጂ» አለኝ። እኔም «የግሸኗ እመቤቴ፣ ይቺን ካሸነፍን ለመስከረም 21 በእግሬ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። አሸነፍን። አሁን መስከረም ገብቷል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ለአራስ ቤት ካስቀመጥነው ላይ 5,000 ብር አንስቼ ጃንጥላውን ገዛሁ። ስታውቅ «ስለቱ ለማርያም ነው ወይስ ለክለብህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በደንብ አናወራም። እንዳልቀር ደግሞ ስለቱ በልጄ ላይ ይመጣብኛል ብዬ ፈራሁ። ለመሆኑ ኳስ ማየቱስ ራሱ ኃጢአት ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ጥያቄህን አስቀድሜ ላንሳው፤ አጭር ነውና ይለቅልን። ኳስ ማየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። እኔም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ሐይቅ ዳር የጨርቅ ኳስ ጠልዣለሁ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ጠቅጥቀን በሲባጎ እናስራት ነበር። አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ገባች። ስትወጣ እንደ ድንጋይ ከብዳ ነበርና መጀመሪያ የመታት ልጅ አውራ ጣቱ አብጦ ሰነበተ። በዚያው ቀን የኔታ ገረፉን። የገረፉን ግን ኳስ ስለተጫወትን አይደለም፤ የዕለቱን ቀለማችንን ሳንቀጽል ስለወጣን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በእሽቅድድም ስፍራ የሚሮጡትን ምሳሌ አድርጎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 9፥24)። ሩጫን ቢጸየፍ ኖሮ ለመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ አያደርገውም ነበር።

ስለ ጾሙና ስለ እሑድ ቅዳሴው አልመለስበትም፤ ታውቀዋለህ። የሌሊቱ ጨዋታ አምሽቶህ ኪዳን ካለፈህ፣ ፍርዱን ለራስህ እተወዋለሁ።

እኔን ያስደነገጠኝ «በልጄ ላይ ይመጣብኛል» ያልከው ነው።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰለህ! በየዓመቱ መስከረም በመጣ ቁጥር እሰማዋለሁ። አንዲት እናት ልጇ የማትሪክ ውጤት ሲመጣለት የተሳለችውን በሬ ለመግዛት በአራጣ ተበድራ ነበር። አንድ ሹፌር ደግሞ ስለቱን አንድ ዓመት አሳልፏል፤ መኪናው በቆመ ቁጥር «ማርያም ናት» ይላል። የሞተር ዘይቱን ሳይቀይር ስንት ወር እንደነዳ ስጠይቀው ዝም አለኝ። ሁለቱም ደህና ክርስቲያኖች ናቸው። ግን ስለትን የሚያዩት እንደ አራጣ ነው። ቀኑ ካለፈ ወለዱ ይከመራል፤ ካልከፈልክ መያዣው ይወሰዳል፤ መያዣው ደግሞ ልጅህ ነው። እንዲህ እያልን እመቤታችንን ዕዳ ሰብሳቢ አደረግናት።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ላይ ስለት ብትሳል መክፈሉን አታዘግይ፣ ተስለህ ከማትከፍል ባትሳል ይሻልሃል የሚል ቃል አለ። ይህችን ሁሉም በቃሉ ያውቃታል። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ከእሷ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለውን ግን የሚጠቅስልኝ አላገኘሁም። በእግዚአብሔር ፊት ለመናገር አፍህ አይፍጠን፣ ልብህም አይቸኩል ይላል። ወንድሜ፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ ጓደኛ ጎትጉቶህ፣ ዓይንህ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሎ የተሳልከው ስለት! ከዚህ በላይ ችኮላ ከየት ይመጣል? (ጓደኛህን አልወቅሰውም። ወሎ ነው፤ እኛ አገር ጭንቅ ሲመጣ ስለትም ይዋዋሳሉ።)

እስቲ አንድ ነገር ላስታውስህ፤ ኳስ ወዳድ ስለሆንክ ታውቀው ይሆናል። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አዲስ አበባ ላይ ነበር። የገጠምነው ግብፅን ነው። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት እነ መንግሥቱ ወርቁ ሁለት ጨምረው 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ዋንጫው እዚህ ቀረ። አሁን ወደ ግብፅ ተመልከት። ያቺ አገር የቅዱስ ማርቆስ መንበር ያለባት ናት። ከዚያ ጨዋታ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ በፊት፣ በ1951 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ፓትርያርካችን አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት እዚያው ካይሮ ነው። ታዲያ ያን ዕለት አንድ የካይሮ ክርስቲያን «እመቤቴ ሆይ» ቢል፣ አንድ የአዲስ አበባ ክርስቲያንም «እመቤቴ ሆይ» ቢል፣ የማንን ትሰማለች? 4 ለ 2 የሆነው በምልጃ ነው ካልክ፣ የካይሮው ወንድምህ ጸሎቱ ወደቀ ማለትህ ነው። እሷ የእሱም እናት ናት። ልጆቿን ለሁለት ከፍላ ለአንደኛው ጎል አታስቆጥርም። የመንግሥቱን እግር የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ኳሷን የመታት ግን መንግሥቱ ነው።

ያንተም ክለብ ያሸነፈው ልጆቹ ስለሮጡ ነው። ደሴ ላይ ማን እንደተሳለላቸው አያውቁም።

«እንግዲያ ስለቱ ባዶ ነው፣ ጃንጥላውን ልመልሰው» እንዳትለኝ። አልወጣኝም። ለኳስ ብትሳልም ስሟን ጠርተሃል፤ ስሟ መጫወቻ አይደለም። ቃልህ ቃል ነው፤ ግሸን መሄዱም መልካም ነው። የተሳሳትከው ስለት ከቤት በላይ ነው፣ ቀኑም ከሰው በላይ ነው ብለህ ማሰብህ ላይ ነው።

የሐናን ታሪክ ዛሬ ማታ ቤትህ ስትገባ አንብበው፤ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ሐና የተሳለችው ስለት ያንተን ዓይነት አልነበረም። ዓመታት ሙሉ አልቅሳ፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች እስኪላት ድረስ የጸለየችው ነው። ልጁን ተሰጣት። በዓመቱ ባሏ ሕልቃና መሥዋዕቱንና ስለቱን ይዞ ወደ ሴሎ ሲወጣ ሐና ምን ያደረገች ይመስልሃል? አልወጣችም። «ልጁ ጡት እስኪተው ድረስ አልወጣም» አለች። ስለት ያለባት እሷ! ሕልቃናም አላስፈራራትም፤ በልጃችን ላይ ይመጣብናልም አላለም። «ደስ ያሰኘሽን አድርጊ፤ ጡት እስኪተው ቆዪ» አላት። ቆየች። ልጁ ላይ የመጣበት ነገር አለ? ያ ልጅ እኮ ሳሙኤል ነው፤ ዳዊትን የቀባው ነቢይ። ስለት ጡት የሚጠባ ሕፃን ከጠበቀ፣ የምታምጥ ሴት አይጠብቅም?

ሕልቃናን ልብ በልልኝ። ሚስቱ የምትለውን ሰማ። አንተ ስትሳል ባለቤትህን አላማከርካትም። ጃንጥላውን ስትገዛም አላማከርካትም። ጳውሎስ ባል በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሥልጣን ለሚስቱ ነው ያለው (1ኛ ቆሮ. 7፥4) ስለ መኝታ ብቻ ይመስልሃል? በእግሬ እሄዳለሁ ያልክበት እግርም የሷ ድርሻ አለበት። ብሩማ ከነጭራሹ ያንተ አልነበረም። የገንፎዋ ነው፣ የቅቤዋ ነው፣ ሌሊት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት የባጃጅ ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተቆጣው እኮ እንዲህ ያሉትን ነው፤ ለእናት ለአባት የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን። ለእግዚአብሔር ሰጠሁ እያሉ ከቤተሰብ አፍ መንጠቅ። እዚህ ላይ አልለሳለስልህም፣ ይህ ጥፋት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እሷ ወደ እመቤታችን እንምጣ፤ የፈራኸው እሷን ነውና። ገብርኤል አብሥሯት ሲሄድ መጀመሪያ ያደረገችው ምንድን ነው? ተነሥታ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ወጣች። ወዴት? ወደ ነፍሰ ጡር ቤት። ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እመቤታችን ራሷ ፅንስ ይዛ፣ ያን ዳገት ወጥታ፣ ሦስት ወር ያህል እሷ ጋ ተቀመጠች (ሉቃ. 1፥39-56)። እሷ ተራራ የወጣችው ነፍሰ ጡር ጋ ለመድረስ ነው። አንተ ተራራ ልትወጣ ያሰብከው ነፍሰ ጡር ትተህ ነው። መስከረም 21 እዚያ አምባ ላይ ደርሰህ «እመቤቴ፣ መጣሁልሽ» ብትላት፣ «እሷንስ ማን ጋ ተውካት?» ብትልህ ምን ትመልሳለህ?

ደግሞ ሴቶቻችን ምጥ ሲመጣ ማንን እንደሚጠሩ አታውቅም? «ማርያም ማርያም» እያሉ አይደል የሚያዋልዱት? ሲገላገሉስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አይደል የሚባለው? በዚያ ሌሊት እመቤታችንን የምታገኛት ባለቤትህ አልጋ አጠገብ ነው። ልጅህ ላይ በቀል ይዛ ትመጣለች ብለህ የፈራሃት፣ ልጅህን ለመቀበል በስሟ የምትጠራዋ ናት።

ስለዚህ ነገሩን ልቁረጥልህ። ዘንድሮ አትሄድም። የግሸንን መንገድ ታውቀዋለህ። በሐይቅና በውጫሌ አድርገህ በእግርህ ስትጓዝ ቀናት ይሄዱብሃል። ለንግሡ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው፤ ስልክ ቢደወልልህም አትሰማው ይሆናል። ምጡ በዚያ ሌሊት ቢመጣ ማን ባጃጅ ይጠራል? ማን ጋቢዋን ያለብሳታል? የደሴን የመስከረም ብርድ አንተ ታውቀዋለህ።

ወደ ነፍስ አባትህ ሂድና የሆነውን ሁሉ ንገራቸው፤ 80ኛውን ደቂቃም ጨምረህ፣ አትፈር። ስለቱን ወደ ሌላ ጊዜ ቢያሸጋግሩልህ ወይም በሌላ ቢለውጡልህ በእሳቸው ቃል ትኖራለህ። እዚህ የጻፍኩት የእሳቸውን ቦታ አይተካም። እኔን ብትጠይቀኝ፣ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ ጡት ትቶ፣ ሦስት ሆናችሁ በመኪና ብትሄዱ ይሻላል እላለሁ። በእግሬ ብያለሁ ካልክ የመጨረሻዋን ዳገት በእግርህ ትወጣታለህ፤ ልጁን አዝለህ። ከየትኛውም ጉዞ ያልተናነሰ ላብ ታወጣለህ፣ አብሽር።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር ካለ ደግሞ ለእሳቸው ንገር። በዚያ ጨዋታ ላይ የቤቲንግ ቲኬት ቆርጠህ ነበር? ስትሳል ልብህ ያሰበው ክለቡን ነው ወይስ ቲኬቱን? ሙሴ በዘዳግም 23፥18 የዝሙት ዋጋ ለስለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ከልክሏል። ቤተ ክርስቲያን የምታስገባው ነገር ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ላይሆን ይችላል፤ ግን ዘንድሮ ከሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙዎቹ ላይ ይህ ስለሚገኝ ነው የጠየቅኩህ።

ከነፍስ አባትህም በፊት ግን ባለቤትህ ትቀድማለች። ዛሬ ግባና ይቅርታ ጠይቃት። «መምህሩ እንዲህ አሉ» ብለህ እንዳትጀምር፤ እኔን መሐል አታስገባኝ። 5,000 ብሩን ከደሞዝህ ትመልሳለህ። እስኪሞላ ድረስ የኳስ ቤቱን ሻይና መግቢያ ተው። ቅዳሜ ቅዳሜ ውጤቱን ስልክህ ላይ ታየዋለህ፤ አትሞትም። የመጨረሻ ሳምንቶቿን ማታ ማታ እቤት ሁን። እሷ ደግሞ ኳስ አብራህ ማየት ከፈለገች፣ እሰየው።

ጃንጥላው ተገዝቷል፤ ያለቀ ነገር ነው። ቀይ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ባለቤትህ «ለክለብህ?» ያለችህ ወዳ አይመስለኝም። ይመለስ ካለች ይመለስ፣ ሱቁ ከተቀበለህ። ይግባ ካለች ግን እኔ ዘንድሮ ግሸን እወርዳለሁ፤ የምንነሣው መስከረም 19 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ቀን ከሠርክ ጸሎት በኋላ አምጣልኝ። የእሷንም የክርስትና ስም ጽፈህ እጀታው ላይ እሰርልኝ፤ እዚያ ስደርስ ሁለታችሁንም እጠራለሁ።