ሃምሳ ሎሚና ፐርክሎሪክ አሲድ

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ አካባቢ የደረሱኝን የኬሚስትሪ ጥያቄዎች ዛሬ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ።

«ሃይፖክሎረስ አሲድም ፐርክሎሪክ አሲድም ያላቸው ሃይድሮጅን አንድ አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ደካማ፣ ሌላው ኃይለኛ የሆነው ለምንድን ነው?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አራት ኪሎ)

የላክልኝን የደብተርህን ፎቶ አየሁት። ሃይድሮጅኑን ክሎሪኑ ላይ ለጥፈኸዋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በእነዚህ አሲዶች ሃይድሮጅኑ የተያያዘው ከኦክስጅን ጋር ነው። መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

ሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮኑን ጥሎ ሲሄድ ኔጌቲቭ ቻርጁ ማን ላይ ይቀራል? ሃይፖክሎረስ ያለው ኦክስጅን አንድ ብቻ ነው፤ ሸክሙን እሱ ይሸከማል። ስለዚህ ሃይድሮጅኑን በቀላሉ አይለቅም። ፐርክሎሪክ ላይ ግን አራት ኦክስጅኖች እኩል ይካፈሉታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ሬዞናንስን (ቻርጁን እንዲህ መካፈላቸውን) ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አባባል አላገኘሁም። በዚያ ላይ ተጨማሪዎቹ ኦክስጅኖች ኤሌክትሮን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ሃይድሮጅኑን የያዘው ትስስር ይላላል።

የአሲድ ጥንካሬ መለኪያው ፒኬኤ ይባላል፤ ፒኬኤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። የሃይፖክሎረስ 7.5 ነው፤ የክሎረስ 2 ገደማ። አንድ ኦክስጅን ብቻ ተጨምሮ ጥንካሬው 300 ሺህ እጥፍ ያህል አደገ ማለት ነው! ክሎሪክ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ፐርክሎሪክ ከዚያም በጣም ይርቃል።

«በክሎሪን ፈንታ ብሮሚን ወይም አዮዲን ብናስገባስ?» (አምስት ኪሎ)

ይደክማል። ኤሌክትሮን የመሳብ አቅማቸው ከክሎሪን ስለሚያንስ፣ የሃይፖብሮመስ ፒኬኤ 8.6፣ የሃይፖአዮደስ 10.6 አካባቢ ነው። ይህን ከሃይድሮአዮዲክ አሲድ ጋር እንዳታምታቱት። እዚያ ሃይድሮጅኑ በቀጥታ የተያያዘው ከአዮዲን ጋር ነው። አዮዲን ትልቅ ስለሆነ ትስስሩ ረጅምና ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከሃይድሮክሎሪክም ይበረታል።

«በረኪና ከደካማ አሲድ የተገኘ ነው ካሉ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ብቀላቅለው ምን ችግር አለው?» (የልጆች እናት፣ ፒያሳ)

እባክዎ እንዳያደርጉት! ደካማ የተባለው ሃይድሮጅኑን አጥብቆ ስለሚይዝ እንጂ ስለማይጎዳ አይደለም። እንዲያውም ሃይፖክሎረስ አሲድ ጀርም የሚገድለው ሃይድሮጅኑን እንደያዘ ነው፤ ቻርጅ ስለሌለው የጀርሙን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል።

በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። አሲድ ሲያገኘው ወደ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይመለሳል፤ እሱም ከክሎራይድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሎሚና ኮምጣጤም ያው ናቸው።

ድንገት ከተቀላቀለብዎ ምንም አይጨምሩበት። ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ በሩንና መስኮቱን ክፍት ይተዉት። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።