ሬድሚ ኖት 7 ላይ ላይኔጅ ኦኤስ ለመጫን ላሰብከው

«ሬድሚ ኖት 7 አለኝ፣ አፕዴት መምጣት አቁሟል። ላይኔጅ ኦኤስን ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው ወይስ ስልኩ ውስጥ የምጭነው?» ብለህ ለጠየቅከው፦ ወንድሜ፣ እኔም የያዝኩት ይህንኑ ስልክ ነው። ላይኔጅ ኦኤስ ማለት በስልኩ የፋብሪካ ሲስተም ምትክ የሚጫን ነፃ አንድሮይድ ነው። ፒያሳ ከገዛኸው ያንተም እንደኔው የቻይና ገበያ ስሪት ሳይሆን አይቀርም፤ ሣጥኑን እየው።

1. ካርዱን እርሳው። ይሄ ስልክ ከካርድ አይነሳም፤ ሲስተሙ የሚገባው የውስጥ ስቶሬጁ ላይ ነው። ካርዱ የላይኔጁን ዚፕ ፋይል መያዣ ብቻ ነው።

2. ቡትሎደሩን (ስልኩን የሚያስነሳውን፣ ሲቆለፍ ሌላ ሲስተም የማያስገባውን ፕሮግራም) ለማስከፈት ሚ አካውንትህን (የሻኦሚ መለያህን) በዋይፋይ ሳይሆን በሲም ዳታ ስልኩ ላይ አስገባ። ሚ አንሎክ (ቡትሎደሩን የሚከፍተው የሻኦሚ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እኔን 168 ሰዓት ጠብቅ አለኝ። አራተኛው ቀን ላይ ቸኩዬ ድጋሚ አስገባሁትና ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ። አንተ እንዳትነካው።

3. ሪከቨሪው (ላይኔጅን የምትጭንበት ትንሽ ሲስተም) እንደገባ ከሁሉም በፊት ኢኤፍኤስን (የስልኩ መለያ ቁጥርና የኔትወርክ መረጃ ያለበትን ክፍል) ባክአፕ አድርግና ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥ። አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ከጠፋ ሲምህ አይሠራም። ኮምፒውተር ስልህ ደግሞ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ማለቴ ነው፤ የኢንተርኔት ቤት ዴስክቶፕ ላይ እንዳትጀምር፣ መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ማን ይደርስልሃል?

4. እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከዓመት በኋላ ስልኩን ልሸጠው ብዬ በሚ ፍላሽ (ሲስተም በሚጭነው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ግሎባሉን ሮም (ከቻይና ውጪ ላሉ ስልኮች የተሠራውን የሻኦሚ ሲስተም) ልጭንበት ተነሳሁ። ከታች ሦስት ምርጫ አለ፤ ካልቀየርከው ተመርጦ የሚጠብቅህ «ክሊን ኦል ኤንድ ሎክ» (ሁሉንም አጥፍቶ መቆለፍ) ነው። አላየሁትም። የቻይና ስልክ ላይ ግሎባል ሮም ጭኖ ቡትሎደሩን ቆለፈው፤ ሲነሳ ይህ ሚዩአይ (የሻኦሚ ሲስተም) እዚህ ስልክ ላይ ሊጫን አይችልም ብሎ ቀጥ አለ። ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ላስረዳው ስል «አንተ ታውቃለህ ወይስ እኔ?» አለኝ። ስድስት ቀን አስቀምጦ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ 4,500 ብር ብሎ ጠየቀኝ። ክዳኑን በጥፍር ይሁን በቢላ እንጃ፣ ጠርዙን ጭሮ ነው የመለሰልኝ። እስካሁን ሳየው ይከነክነኛል። ቦርዱ ምንም አልሆነም ነበር! ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኩን ፋስትቡት (ከኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቀበልበት ሁኔታ) ላይ አድርጌ ሚ አንሎክን ደግሜ ሞከርኩ፤ አካውንቴ ከስልኩ ጋር እንደተያያዘ ስለነበር ያለ ምንም ጥበቃ ተከፈተ። «ክሊን ኦል» ብቻውን መርጬ ሮሙን ደገምኩት፣ ተነሳ። ባለሙያ ነኝ ባዩ ያልቻለውን እኔ ከእራት በኋላ ጨረስኩት። ስልኩንም አልሸጥኩትም፤ ላይኔጅ መልሼበት ሜኑው በአማርኛ ሆኖልኝ ይሄን የምጽፍልህ በሱ ነው።

ስለዚህ ላይኔጅ ላይ እያለህም ቢሆን ቡትሎደሩን መልሰህ እንዳትቆልፍ። ክፍት በመሆኑ አንዳንድ የባንክ አፕ አልከፈትም ሊልህ ይችላል፤ በባንክ አፕ የምትሠራ ከሆነ አስቀድመህ አስብበት።

ፎቶዎችህን ግን ዛሬውኑ ገልብጥ። ቡትሎደሩ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አስቀምጥልህ ወይ ብሎም አይጠይቅህም።