ከርዕሱ በፊት ሰነዱ፦ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለሚማሩ አንባቢዎቻችን

ጥያቄ፦ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ በአፍሪካ ቀንድ» የሚል ርዕስ ባቀርብ አማካሪዬ ሁለት ጊዜ «ሰፊ ነው» ብለው መለሱብኝ። እንዴት ላጥብበው?
(እህታችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህታችን፣ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ርዕስ አለሽ፣ ጥያቄ ግን የለሽም። የየትኛው መንግሥት ፖሊሲ? ከየትኛው ጎረቤት ጋር? ከመቼ እስከ መቼ? ይህ ሳይለይ የተጀመረ ጽሑፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ ሲደርስ የዜና ክምር ይሆናል።

ስለዚህ ከሰነድ ጀምሪ። ሙሉ ቃሉን ልታገኚ የምትችዪውን አንድ ስምምነት፣ ውሳኔ ወይም ፍርድ ያዢና «ለምን እንዲህ ሆነ?» በይ። ለምሳሌ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካን፣ ዛሬ ናሚቢያ የምትባለውን አገር በምታስተዳድርበት መንገድ ምክንያት፣ በተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ለመክሰስ የበቁት፣ አገሪቱን በሞግዚትነት እንድታስተዳድር ለደቡብ አፍሪካ የሰጠው የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1962 «ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ» አለ፤ በ1966 ግን ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላሳዩም ብሎ ክሱን ጣለው። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው የለየው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ድምፅ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካ የሞግዚትነት ሥልጣን አብቅቷል ብሎ ወሰነ። «በፍርድ ቤት የተሸነፈው ክርክር በጉባኤው ለምን አሸነፈ?» ብትዪ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ሰነዱም በነፃ የሚገኝ ጥያቄ ያዝሽ ማለት ነው። የፍርዱ ሙሉ ቃል በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። የተቃወሙትን ዳኞች ሐሳብ እንዳታልፊው፤ ጥሩው ክርክር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

ንድፈ ሐሳቡ ላይ ብዙ ተማሪ ይወድቃል። ሪያሊዝምን (አገሮች የሚመሩት በኃይል ሚዛን ነው የሚለውን)፣ ሊበራሊዝምን (በትብብርና በተቋማት ነው የሚለውን) እና ኮንስትራክቲቪዝምን (በጋራ ሐሳብና ማንነት ነው የሚለውን) ምዕራፍ ሁለት ላይ አምስት አምስት ገጽ ይሰጧቸውና ከዚያ በኋላ ስማቸው አይነሳም። አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ምረጪ፤ «ይህ አመለካከት ትክክል ቢሆን ሰነዱ ውስጥ ምን ማግኘት ነበረብኝ?» ብለሽ ጻፊና ምዕራፍ አራት ላይ መልሺው። ካላገኘሽው «አላገኘሁም» ማለት ሙሉ ውጤት ነው።

ቃለ መጠይቅ ካሰብሽ ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ ቀድመሽ አውጪ። መሥሪያ ቤቶች ሳምንታት ያቆዩታል፤ ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ የጠበቀ ተማሪ ማስረከቢያው ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮየ ፈጬ ነው። ካምፓስ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ፤ ማታ ኔትወርክ ይጠፋል። የሳምንቱ ንባብ ግን ከ100 ገጽ ያልፋል።
(የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ወንድማችሁ)

መልስ፦ ሁሉንም እኩል አታንብብ። የሳምንቱን ፒዲኤፍ በካምፓሱ ዋይፋይ አውርደህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። የመጽሔት ጽሑፍ ሲሆን መግቢያውን፣ መደምደሚያውንና ንዑስ ርዕሶቹን አንብብና የጸሐፊውን አቋም በአንድ ዓረፍተ ነገር በራስህ ቃል ጻፍ። መጻፍ ካቃተህ ብቻ ወደ መሀሉ ግባ።

ስምምነት ሲሆን ግን ቃል በቃል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርን አንቀጽ 2(4) ከአንቀጽ 51 ጋር አጣምረህ ካላነበብክ የኃይል ክልከላውን ታውቃለህ፣ ራስን የመከላከል መብቱን ግን ትስታለህ። የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት 53 አንቀጽ ነው፤ ታክሲ ላይ ያልቃል። ፈተና ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት «ኤምባሲ የላኪው አገር ግዛት ነው» የሚለው ነው። መሬቱ የተቀባዩ አገር ነው፤ አንቀጽ 22 የሚከለክለው የተቀባዩ አገር የመንግሥት ሰዎች ያለ ኤምባሲው መሪ ፈቃድ እንዳይገቡ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ይህን ትምህርት መርጣ አምባሳደር እሆናለሁ ትላለች። እንጀራ ያበላል?
(እናት፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ እናታችን፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተመራቂው ሁሉ የሚወስደው ጥቂቱን ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ፣ የብዙ ኤምባሲዎችም ከተማ ናት፤ እነሱ ዘንድ ግን ዲግሪው ብቻውን አይበቃም። ቋንቋ፣ የመረጃ ትንተና ወይም ጥርት ያለ የሪፖርት አጻጻፍ ይፈልጋሉ። ከእንግሊዝኛ ሌላ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ ወይም ስዋሂሊ ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፤ አንዱን ከመጀመሪያው ዓመት ትያዝ፣ በመጨረሻው ዓመት ተጀምሮ አይደረስም። ለመመረቅ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያሉትን ኮርሶች ስለሚነካ ደብተሮቿን እንዳትጥል ይንገሯት።