በመጀመሪያው ምት የማይተኩስ ነጥብ 22፦ ከመሸጥህ በፊት

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ለክፉ ቀን ብዬ የማስቀምጠው ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ቦልት፣ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ፣ ነጥብ 22። አሁን ግን ከአሥር ጥይት ሁለት ሦስቱ በመጀመሪያው ምት አይተኩሱም። ወዲያው ቦልቱን አንስቼ ስደግመው ይተኩሳል። ጥይቱ ሲገባም መጨረሻው ላይ ይከብዳል። አንድ ጠጋኝ የመርፌውን ሞላ በጠንካራ ለወጠልኝ፣ ጥይቱን የሚመታውን መርፌም በሞረድ አሾለው፤ ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ለልምምድ የምጠቀመው አጭሩን ጥይት ነው። ሸጬው 12 ጌጅ ሾትገን፣ ፍሬ የሚበትነውን ጠመንጃ፣ ልግዛ?»

አትሽጠው። «ስደግመው ይተኩሳል»፣ «ሲገባ ይከብዳል»፣ «አጭሩን ጥይት»፤ እነዚህን ሦስቱን ሳነብ ሐሳቤ በቀጥታ የሄደው ወደ ጥይት ቤቱ ነው፤ ጥይቱ ገብቶ ወደሚቀመጥበት የቱቦው (የበርሜሉ) የኋላ ጫፍ። እዚያ ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት አለ። መርፌህ ሞረድ እስኪነካው ድረስ ምንም አልነበረውም።

መፍቻ ከማንሳትህ በፊት ግን «ወዲያው ቦልቱን አንስቼ» ያልከው አስደንግጦኛል። ምላጭ ስበህ ካልተኮሰ አፈሙዙን ሰውም ቤትም ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዝክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁም። አንዳንዱ ጥይት ዘግይቶ ይነሳል፤ ቦልቱ በተከፈተበት ቅጽበት ከተነሳ ቀለሁ (የጥይቱ የናስ ቅርፊት) ፈንድቶ ናሱ ወደ ዓይንህ ይመጣል። ዛሬ የምታስተካክለው ነገር ቢኖር መጀመሪያ ይህን ልማድ አስተካክል።

ወደ ሥራው ስገባ ስለ ነጥብ 22 ጥይት ትንሽ ልዘርዝር፤ ይህ የገባው ሰው ግማሹን ጥገና ጨርሷል። በትልልቆቹ ጥይቶች ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ መሃል ለብቻው የተተከለ ትንሽ ቆብ ነው። ነጥብ 22 ቆብ የለውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 አጭሩ፣ በ1887 ደግሞ ሎንግ ራይፍል የሚባለው ረጅሙ ሲወጣ የነበረው አሠራር ዛሬም አለ፦ ማቀጣጠያው ቅመም ያለው በቀለሁ ግርጌ ዙሪያውን ወጣ ባለው ከንፈር ውስጥ ነው። ፋብሪካው ርጥቡን ቅመም ባዶው ቀለህ ውስጥ ይጨምርና በኃይል ያሽከረክረዋል፤ ቅመሙ ወደ ዳር ተገፍቶ ከንፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ባሩዱና እርሳሱ ይከተላሉ። መርፌው ከንፈሩን ከኋላ ሲመታው ከፊት የቱቦው ጠርዝ ደግፎ ይይዘዋል። ቅመሙ የሚቀጣጠለው በሁለቱ መካከል ሲጨፈለቅ ነው። ከፊት ድጋፍ ከሌለ መጨፍለቅ የለም፤ ወዲያ ወዲህ በሚል እንጨት ላይ ምስማር እንደ መምታት ነው።

አሁን ወደ አንተ ጠመንጃ። የአጭሩ ጥይት ቀለህ ርዝመቱ 10.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የሎንግ ራይፍል 15.6። አጭሩን ደጋግመህ ስትተኩስ ከቀለሁ አፍ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጥላሸት፣ ሰምና እርሳስ ቀለበት ሠርተው ይጋገራሉ። በኋላ ረጅሙን ስታስገባ ያ ቀለበት አጋማሽ ላይ ይይዘዋል፤ እጅህ ላይ የከበደህ እሱ ነው። ከንፈሩ ከቱቦው ጠርዝ ጋር ሳይገናኝ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የሚጨርሰው ጥይቱን ወደ ፊት በመግፋት ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ጥይቱ ቦታውን ይዟል፣ ይተኩሳል። ጠንካራ ሞላ ይህን አይፈታም፤ ቦልቱን ያከብድብሃል እንጂ።

ጥፋቱ የጥይቱ መሆን አለመሆኑንም በዚሁ ትለያለህ። ሳይተኩስ የቀረውን፣ 30 ሰከንዱን ጠብቀህ፣ እዚያው ቦታ ላይ ድገመው። ከተኮሰ ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። ካልተኮሰ አሁንም ጠብቅ፣ አውጣው፣ ከንፈሩን አዙረህ መልሰው፤ በሌላ በኩል ሲመታ ከተኮሰ ቅመሙ ከንፈሩን ዙሪያውን አልሞላም ማለት ነው፤ ያንን ምርት ተወው።

ለማጽዳት ጥይቱን በሙሉ ከምትሠራበት ክፍል አውጣ። ቦልቱን አውልቅና የጥይት ቤቱን በማጽጃ ፈሳሽ አርሰህ ሩብ ሰዓት ተወው። ከዚያ የናስ ብሩሽ ከኋላ በኩል አስገብተህ እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመህ አሽከርክር። የብረት ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት በአጠገቡ አይለፉ። ሲደርቅ፣ ቦልቱ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ አፈሙዙ አደጋ ወደሌለበት ዞሮ፣ አንድ ሎንግ ራይፍል ብቻ አምጥተህ በአውራ ጣትህ ግፋ። እስከ ከንፈሩ ሰተት ብሎ መግባት አለበት። ካልገባ ቀለበቱ አልለቀቀም፤ ድገም።

ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር መርፌው የሚያርፍበትን የቱቦ ጠርዝ እይ። ጥይት ሳይኖር ምላጭ የመሳብ ልማድ ካለህ መርፌው ጠርዙን እየቀጠቀጠ ጉድጓድ ይሠራል፣ የተገፋው ብረት ደግሞ ወደ ጥይት ቤቱ ይበቅላል። ያንን በሞረድ እንዳትነካው። ብረቱን መልሶ ወደ ቦታው የሚገፋ ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ስላለ ባለሙያ ጋ ውሰደው።

የሾለውን መርፌ ዛሬውኑ ጣለው። የነጥብ 22 መርፌ ጫፉ ደልደል ያለ ነው የሚሠራው፣ ከንፈሩን እንዲጨፈልቅ እንጂ እንዲበሳ አይደለም። ከተበሳ ትኩስ ጋዝ በቦልቱ በኩል ወደ ፊትህ ይተፋል። ሞረድ ይዞ መርፌ የሚያሾል ጠጋኝ ያናድደኛል፤ ሰው ዓይኑን እንዲያጣ ነው የሚሠራው። መርፌውንም ሞላውንም የጠመንጃህ ፋብሪካ የሚያወጣውን ግዛ። ከስስ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የሚሸጠው ርካሽ ካዝናም እንደዚያው ነው፤ የካዝናው አፍ ይከፈትና ጥይቱን አጣሞ ያቀርባል። በቦልቱ ውስጥ ግሪስ ከሞላህ ጥረገው፤ ብርድ ሲመጣ ይረጋና መርፌውን ያዘገየዋል። ጥይቱን ዘይት አታስነካ፣ በእርሳሱ ዙሪያ ሰርጎ ማቀጣጠያውን ይገድላል።

ሾትገኑን በተመለከተ፣ ክፉ መሣሪያ አይደለም። የሚበር ወፍ በነጥብ 22 አይያዝም፤ ትልቅ አውሬም በእሱ አይደፈርም። አንተ የምትፈራው አውሬውን ከሆነ ሾትገን ያዝ፣ አልከራከርህም። ግን በጀርባ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ክብደት ሁሉን ይወስናል። የነጥብ 22 ጥይት 3.5 ግራም ገደማ ነው፤ የ12 ጌጁ 45 እና ከዚያ በላይ። 500 የነጥብ 22 ጥይት የሚመዝነው 40 የሾትገን ጥይት የማይሞላ ነው። ረሃብ ላይ የሚገኘው ደግሞ በአብዛኛው ትንሽ እንስሳ ነው፣ ለእሱ 2.6 ግራም እርሳስ ይበቃል። ትንሽ ናት ብለህ ግን አትናቃት፤ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ልትሄድ ትችላለች፣ ከዒላማው ጀርባ ያለውን ሳታይ አትተኩስ።

ከጠመንጃው ጋር ትርፍ መርፌ፣ ሞላ፣ ቀለህ የሚጎትተው ጥፍርና ሁለት ካዝና አስቀምጥ። ልምምድህንም በሎንግ ራይፍል አድርግ።

ጽዳቱና አዲሱ መርፌ ካለቁ በኋላ ለክፉ ቀን ከምታስቀምጠው ጥይት 100 ተኩስ። ድምፁ ፑፍ ብሎ ከቀነሰብህ ቀጣዩን አትተኩስ፣ ጥይቱን አውጥተህ እርሳስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ እይ። ጨርሶ ካልተኮሰልህም ያው ነው፦ አፈሙዙ ሳይዞር 30 ሰከንድ። ከ100ው አንዷ እንኳ ሳትተኩስ ከቀረች፣ መርፌው ከንፈሩ ላይ የተወውን ምልክት በቅርበት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ጥልቀቱንና ቦታውን አይቼ ቀጥሎ የቱን እንደምትፈታ እነግርሃለሁ።